«ኖርማል» ብዬ የጻፍኩት ቁጥር

አንዲት እናት በወለደች በ3ኛው ቀን የደም ግፊቷን ለካሁ፤ 136 በ86። ካርዱ ላይ ጻፍኩት፣ ጎኑ ላይ «ኖርማል» አልኩና ወደ ሕፃኗ ዞርኩ። መመሪያውም ከእኔ ጋር ነበር፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚባለው 140 በ90 ሲደርስ ነውና። በማግስቱ ያቺው ሴት ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት ትወጋ ነበር።

አዋላጅ ነኝ። ይህ ጉዳይ የገዛ እጄ ስላለበት ነው የምጽፈው። ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ ፈቃዷንም ጠይቄያለሁ። «ጻፊው፣ ራስ ምታቱን ግን እንዳትረሺ» ነው ያለችኝ። አልረሳሁም፣ ይመጣል።

መጀመሪያ የመጣች ቀን

27 ዓመቷ ነው፣ እርግዝናዋም የመጀመሪያ። የመጣችው ገና በ10ኛው ሳምንት ነበር። ብዙ እናቶች ሆዳቸው ገፋ ካለ በኋላ ነው የሚመጡት፤ «ገና ነው፣ ምን ሊታይ ነው» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ከባለሙያ ጋር ትገናኝ ይላል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት ነው። እሷ ሰባቱን መጥታለች። ስምንተኛው ሳይደርስ ልጅቷ ቀደመች።

በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ብዙ ነው፣ ግን አንዱም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ጠይቄ 280 ቀን ቆጠርኩና የመውለጃ ቀኗን ነገርኳት፤ በዚያች ቀን የሚወልዱት ጥቂቶች እንደሆኑም ጨመርኩ፣ አለዚያ ቀኑ ሲያልፍ ስልኬ አያርፍም። የደም ዓይነቷ ኦ ፖዘቲቭ ስለሆነ የሾተላይ ነገር አላሳሰበንም። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ ተመርምረው ነጻ ሆነች። ሄሞግሎቢኗ 10.6 ነበር። በእርግዝና ከ11 በታች ሲሆን ደም ማነስ ስለምንል በቀን 120 ሚሊ ግራም አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ጀመረች። ክኒኑ ሰገራን እንደሚያጠቁር አስቀድሜ ነገርኳት። ይህን ሳይነግሯት የላኳት እናት በሳምንቱ ደንግጣ ክኒኑን ታቆማለች፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ግፊቷ 98 በ60።

ይህቺን ቁጥር እዚህ ለብቻዋ ያስቀመጥኳት ሆን ብዬ ነው። ያን ቀን ግን ከሌሎቹ ቁጥሮች መሐል አንዷ ነበረች፣ ለአፍታ እንኳ አላስቆመችኝም። ክብደት፣ ቁመት፣ ግፊት፣ ሽንት፣ ቀጥሎ።

ሲወጡ ባለቤቷ በሩ ላይ ዘወር አለና «ሲስተር፣ ታዲያ ምን አደረጋችሁላት? ለክታችሁ ብቻ ላካችኋት እኮ!» አለኝ። ሳቅኩ። እውነትም ለካን፣ ጻፍን፣ ላክን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት

በቀጠሮዎቹ መካከል ሁለት ነገሮች ብቻ ትንሽ አንገራግጨውናል። አንደኛው በ32ኛው ሳምንት ነው፤ የቀጠሮ ቀኗ አልነበረም፣ ጀርባዋን አሟት ነበር የመጣችው። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ከብልት አጥንት እስከ ማህፀኑ ጫፍ ያለው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ሲለካ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። በ32ኛው ሳምንት ወደ 32 ሴንቲ ሜትር መጠበቅ ነበረብኝ፣ ያገኘሁት ግን 29 ነው። ሁለቴ ለካሁ፣ ያው ነው። አልትራሳውንድ ላክኋት፣ ፅንሱ ደህና እያደገ ነበር፣ የእንሽርት ውሃውም በቂ ነው ተባለ። ሌላው በ35ኛው ሳምንት የእግሯ ማበጥ ነው። እግር ብቻውን ማበጡ በእርግዝና መጨረሻ የተለመደ ነው። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የለም፣ ግፊቷ ደህና ነው፣ ራሷን አያማትም። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ ብያት ሄደች።

ስለ ግፊት አለካክ ትንሽ ላውራ፣ እዚህ ላይ ችኮ መሆኔን የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እናትየዋ ከመንገድ ገብታ ትንፋሿ ሳይረጋጋ የተለካ ግፊት ግፊት አይደለም። 5 ደቂቃ ታርፍ። ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ መሬት ይርገጥ፣ እግር በእግር ላይ አይነባበር፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ይሁን፣ እየተለካች አታውራ፣ እኔም አላውራት። የሚጠመጠመው ጨርቅም ለክንዷ ይመጥን፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከታሰረ ቁጥሩን ያለ ቦታው ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ቦታ አንድ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው፣ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ያው።

እሷ ላይ በዚህ መንገድ የተለኩት እነዚህ ናቸው፤ 98 በ60፣ በ20ኛው ሳምንት 96 በ58፣ በ26ኛው 98 በ60፣ በ30ኛው 100 በ62፣ በ34ኛው 104 በ66፣ በ36ኛው 108 በ70፣ በ38ኛው 112 በ72። አጋማሹ ላይ ትንሽ ወርዶ መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ መመለሱ የእርግዝና ጠባይ ነው፣ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሄሞግሎቢኗም 11.4 ደርሶ ነበር፣ አይረኑን ወደ መደበኛው መጠን አወረድነው።

ምጡ

በ39 ሳምንት ከ4 ቀን ማታ መጣች፣ ከእናቷና ከባለቤቷ ጋር። 3 ሴንቲ ሜትር ተከፍታ ነበር፤ ምጧ ገና አልጠናም። ድሮ ቢሆን 4 ላይ «ምጡ ገባ» ብለን ሰዓት መቁጠር እንጀምር ነበር፣ አሁን ግን ዋናው ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ነው። በዚህች በአንዷ ሴንቲ ሜትር ምክንያት ስንቷ እናት ያለ ምክንያት በመርፌ ተቻኩላለች፣ ስንቷስ ወደ ቀዶ ጥገና ሄዳለች። ውሃ ትጠጣ፣ ትንቀሳቀስ፣ እናቷ ወገቧን ትሸት አልኩ። እናቷ እጅግ ጎበዝ ሴት ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አላሉም።

ንጋት ላይ ወለደች። ሴት ልጅ፣ 3,150 ግራም፣ ወዲያው ያለቀሰች። አራስ ልጅ ደህና መሆኑ ከ10 የሚለካበት የአፕጋር ነጥቧ በ1 ደቂቃ 8፣ በ5 ደቂቃ 9። እናቲቱ በ1 ደቂቃ ውስጥ ደም እንዳይበዛባት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተወጋች። እትብቱን ለመቁረጥ አልቸኮልንም፣ 2 ደቂቃ ገደማ ቆየን፤ በዚያች ደቂቃ ከእንግዴ ልጁ ወደ ልጅቷ የሚገባው ደም ለወራት የሚሆን አይረን ይዞላት ይሄዳል። ልጅቷ እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተኛች፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንገሯን ጠባች፣ ቫይታሚን ኬ ተወጋች። እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የፈሰሰውን ደም ከሥር በምናነጥፈው፣ ልኬት ባለው ፕላስቲክ ለካነው፣ 280 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ግምት የሚገመት ደም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚመስል ነው ይህን ማድረግ የጀመርነው።

የሚጻፍ ችግር ያልነበረበት ምጥ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም። ከወሊድ በኋላ ግፊቷ 118 በ74፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ስትወጣ 120 በ76።

ስትወጣ የአደጋ ምልክቶቹን ነግሬያታለሁ። ካርዱ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ይላል፣ ፊርማዬም አለበት። እንዴት እንደነገርኳት ግን ካርዱ አይናገርም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ልጅቷ እያለቀሰች፣ እሷ አንድ ቀን ተኩል ያልተኛ ዓይኗን እየገለጠችና እየከደነች፣ «ደም ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይንሽ ከጋረደ፣ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ካለ ቶሎ ነይ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። «እሺ ሲስተር» አለች። በዚያ ሰዓት ብድር ፈርሚ ብላትም እሺ ትል ነበር። እናቷ ዕቃ እየሰበሰቡ ነበር። ባለቤቷ ውጭ ነበር።

3ኛው ቀን

ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል የአዋላጅ ሥራ ሁሉ እንጀራ ልጅ ነው። ለእርግዝና ስምንት ጊዜ የምትመጣ ሴት ከወለደች በኋላ አንዴ ከመጣች ጎበዝ ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር መሠረት ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ ትቆይ፣ ከዚያ ሦስት ተጨማሪ ጊዜ ትታይ፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው፣ ከ7 እስከ 14ኛው ቀን ባለው፣ እና በ6ኛው ሳምንት። የመጀመሪያዋን ቀጠሮ አክብራ መጣች። ዋናው ምክንያቷ ግን እሷ ራሷ አልነበረችም፣ ጡቷ ነበር።

ጫፉ ተሰንጥቆ ነበር፣ ስታጠባ እንባዋ ይወርዳል። ልጅቷ ጫፉን ብቻ ይዛ ነበር የምትጠባው። አቀማመጧን አስተካከልን፣ ልጅቷ አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቀን ጥቁሩን ክፍል ጭምር እንድትይዝ አደረግን፣ አገጯ ጡቱን ሲነካና የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ሲገለበጥ እናትየዋ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ወዲያው ተለወጠ። «አያምም!» አለች፣ እንደ ተአምር። ለዚህ ለብቻው ግማሽ ሰዓት ሄደ፣ አልቆጭበትም።

ከዚያ ልጅቷን መዘንኩ፤ 2,960 ግራም። ከተወለደችበት 6 በመቶ ቀንሳለች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ድረስ ይጠበቃል። ፊቷ ላይ ቀለል ያለ ቢጫነት ነበር፤ በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚታይ ቢጫነት ነው ሁሌም የሚያስሮጠን፣ የእሷ የጀመረው በ3ኛው ቀን ነው፣ በደንብ ትነቃለች፣ ትጠባለች፣ ትሸናለች። እትብቷ ደርቋል፣ ሽታ የለውም። ሙቀቷ 36.9፣ ትንፋሿ በደቂቃ 44።

ሁሉም ሰው ልጅቷን እያየ ነበር። እናትየዋ፣ አያትየዋ፣ አባትየው፣ እኔ።

ልንጨርስ ስንል የእናቲቱን ግፊት ለካሁ። 136 በ86። ያኔ ነው እንግዲህ እንዳልረሳው ያለችኝ ነገር የመጣው። «ሲስተር፣ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይከብደኛል» አለችኝ። «እንቅልፍ አጥተሽ ነው፣ ልጅቷ ስትተኛ አብረሽ ተኚ፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ» አልኳት። በትክክል እነዚህን ቃላት። ሦስት ቀን ላልተኛች ሴት ይህን የማይል ማን ነው? ብዙ ጊዜም እውነት ነው። «ኖርማል» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ መዝገብ እየሞላሁ ነው ያየሁት። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ግፊትና የዛሬው ግፊት ጎን ለጎን የሚጻፉበት ቦታ አለ። 98 በ60 ጻፍኩ። አጠገቡ 136 በ86 ጻፍኩ። ብዕሬ ቆመ።

ለሌላ ሴት 136 የዘወትር ግፊቷ ሊሆን ይችላል። ለዚህች ሴት ግን የላይኛው 38፣ የታችኛው 26 ጨምሯል፣ ያውም በ3 ቀን ውስጥ ከ120 ተነስቶ። ድሮ የላይኛው በ30፣ የታችኛው በ15 ከጨመረ ብቻውን ለምርመራ በቂ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። በኋላ ተትቷል፣ እንዲህ የጨመረባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም ሳይሆኑ ስለሚያልፉ። ልክ ነው፣ ቢተውም ጥሩ ነው። ከራስ ምታት ጋር ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ግፊት ከወሊድ በኋላ ዝም ብሎ አይወርድም። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ይመለሳል፣ ግፊቱም ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው ከፍ የሚለው። ማለትም ሁላችንም «ተገላገለች» ብለን እፎይ ባልንበት ሰሞን። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ።

ደወልኩ። ባለቤቷ አነሳ። «ተኝታለች ሲስተር። ዛሬ አይታችኋት አልነበር እንዴ?» አለኝ። አይተናታል አልኩ፣ እንደገና ልንለካት እንፈልጋለን፣ ጠዋት አምጣት። ሌሊት ራሷን ከባሰባት፣ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ከጎድን አጥንቷ በታች በቀኝ በኩል ካመማት ግን ጠዋትን ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ አልኩት፣ መልሶ እንዲነግረኝም አደረግሁ። ሦስቱንም መለሰልኝ። አሁን ሳስበው በዚያው ሌሊት ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። በ136 ሰው ከአልጋ አስነስቼ ሆስፒታል መላክ አፈርኩ መሰለኝ።

4ኛው ቀን

ጠዋት ሲገቡ ዓይኗን ከብርሃን እየከለለች ነበር። አሳርፌ ለካሁ፤ 148 በ94። ከ15 ደቂቃ በኋላ 150 በ96። ፓራሲታሞሉን ሁለት ጊዜ ወስዳለች፣ አልለቀቃትም። ዓይኗ ፊት «እንደ ዝንብ ያለ ነገር» ይበራል። ጉልበቷን በመዶሻ ስነካው እግሯ ከሚገባው በላይ ተወነጨፈ። ሽንቷን ለመመርመር የአራስ ደም እንዳይቀላቀልበት በቀጭን ቱቦ ነው የወሰድነው፣ አለዚያ ደሙ ፕሮቲን መስሎ ያሳስታል። ፕሮቲን 2 ፕላስ።

ከወሊድ በኋላ የመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር የተያያዘው አደገኛ የግፊት በሽታ ነው፣ ከከባድ ምልክቶች ጋር። በእርግዝናዋ ሁሉ አንድም ቀን ግፊቷ ከፍ ያላለባት ሴት ላይ። በሽታው ልጅና እንግዴ ልጁ ሲወጡ ነው የሚያበቃው ሲባል ስለምንሰማ ሁለቱም ከወጡ በኋላ ሊጀምር እንደሚችል ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ ልቡ አይቀበለውም።

ሐኪሙን በስልክ አማክረን ከመላካችን በፊት የመጀመሪያውን የማግኒዚየም ሰልፌት መጠን ሰጠናት፤ በደም ሥር 4 ግራም በዝግታ፣ በሁለቱም መቀመጫዋ 5፣ 5 ግራም። «ሰውነቴ ነደደ» አለች። ያደርጋል፣ አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር አልደነገጠችም። ማግኒዚየም የግፊት መድኃኒት አይደለም፣ ይህን ቤተሰብ ሁሌም ይምታታበታል። የሚከላከለው የሚያንዘፈዝፈውን ነገር፣ ኤክላምፕሲያን ነው። በ2002 ይፋ የሆነውና ማግፓይ የሚባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ይህ መድኃኒት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ርካሽ መድኃኒት ነው፣ አሮጌ ነው፣ የሚፈልገው የሚከታተል ሰው ብቻ ነው፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ የጉልበቷ ምላሽ እንዳይጠፋ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳይወርድ። ከበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፣ አጠገብ መቀመጥ አለበት።

አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያት ሄድኩ። እናቷ ልጅቷን አቅፈው ከፊት ተቀመጡ። እማማ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ስንደርስ ብቻ «በቁሟ ናት አይደል?» አሉኝ። በቁሟ ናት እማማ።

ሆስፒታል ስንደርስ 164 በ110 ሆኖ ነበር። ከ160 በ110 በላይ የሆነ ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፣ ምክንያቱም ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ኒፈዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት በአፍ ሰጧት፣ ወደ 146 በ92 ወረደ። ማግኒዚየሙ ለ24 ሰዓት ቀጠለ። የጉበትና የኩላሊት ምርመራዋ ደህና ሆነ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። አላንዘፈዘፋትም።

እዚያ አንድ ነገር ላይ ተከራክሬያለሁ። «መድኃኒት ላይ ስለሆነች ጡት አታጥባ፣ ልጅቷን ውሰዷት» ያለ ሰው ነበር። ማግኒዚየምም፣ ኒፈዲፒንም፣ ሌላው የግፊት መድኃኒት ላቤታሎልም ጡት ከማጥባት አይከለክሉም። ስንት ሥቃይ ያየንበት ጡት ገና መስመር በያዘ ማግስት ልጅቷ ብትነጠል ወተቱ ይደርቅ ነበር። ሐኪሟ ሰማችኝ፤ ልጅቷ አልጋዋ ጎን ቆየች፣ አያቷ እያነሱ ያስጠቧታል። እናትየዋ በማግኒዚየሙ ሰውነቷ ስለሚዝል ብቻዋን ማቀፍ አልቻለችም ነበር።

በ8ኛው ቀን የግፊት ክኒን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ

ባለቤቷ የግፊት መለኪያ ገዝቶ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየለካ በደብተር ይጽፍ ነበር። በ14ኛው ቀን ስትመጣ 132 በ84፣ ልጅቷም 3,260 ግራም ሆና የተወለደችበትን ክብደት አልፋ ነበር። በ6ኛው ሳምንት 110 በ70፤ ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ቀንሶ ካቆመ ሳምንት ሆኖት ነበር። ሽንቷም ነጻ።

በዚያ ቀጠሮ ላይ ካርዱን ዘግቼ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት፣ አለቀሰች። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትን የሚፈትሸውን፣ የኤዲንብራ የሚባለውን 10 ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ሞላን፣ 11 አመጣች። 13 ሲሆን ነው በጣም የምንሰጋው፣ ግን 11ም ዝም አይባልም። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ የለባትም። የሚያስጨንቃት «እንቅልፍ ነው ብዬ ተኝቼ ብቀርስ?» የሚለው ነው፣ ሌሊት እየነቃች ልጅቷን ታያለች። ይህን ሐሳብ የሰጠኋት እኔ እንደሆንኩ፣ እንቅልፍ ነው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ዝም አለችና «መልሰሽ ደወልሽ እኮ» አለች። በ2 ሳምንቱ ደግመን ስንሞላ 5 ሆነ።

ስለ ቀጣዩ እርግዝናም አወራን። አንዴ የመጣባት ሴት ድጋሚ ሊመጣባት ይችላል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልክ እንደ አሁኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምጣ፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ትጀምር። የልብና የግፊት በሽታም በዕድሜዋ ከሌላው ሰው በላይ ሊያገኛት ስለሚችል በየዓመቱ ግፊቷን ትለካ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ማንም አይነግራቸውም። ኢስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ ለጊዜው ተወችው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መረጠች።

ከዚህ በኋላ በሥራዬ ላይ አራት ነገር ለውጫለሁ። የመጀመሪያውን ግፊት ካርዱ ግንባር ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። ከወሊድ በኋላ ስትመጣ ከልጁ በፊት እናቲቱን እለካለሁ፣ ልጁ ያለቅስ። የአደጋ ምልክቶቹን ደግሞ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ነቅቶ ላለው ሰው እነግራለሁ፣ መልሶም ይነግረኛል። ራሷን የሚያማት እናት ካለች «ተኚ» ከማለቴ በፊት «ፓራሲታሞል ወስደሽ ለቀቀሽ?» እላለሁ።

አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ በዚህ አትስማማም፣ ሐሳቧን ልጻፍላት። «ከ140 በታች ያለውን ሁሉ እየጠራን ካስደነገጥን አራስ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል፣ እውነተኛዋ ታማሚ መሐላቸው ትጠፋለች» ትላለች። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር እንጥራ እያልኩ አይደለም፣ ቁጥሩ ተለውጦ ደግሞ ራሷን ከያዛት ነው፤ እሷ ግን አራስ ሆና ራሷን የማያማት ማን አለች ትለኛለች። እስካሁን አልተስማማንም። ካርዱ ግንባር ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር መጻፉን ግን እሷም ጀምራለች።

በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ሲወጡ ባለቤቷ ደብተሩን ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው ብሎ ጠየቀኝ። ተቀብዬው ገለጥኩት፤ አንድም ቀን አልዘለለም፣ አንደኛው ገጽ ጥግ ላይ «እያወራች ስለሆነ እንደገና ተለክቷል» ይላል።